ምዕራፍ ሰባት፦ ለትንሽ ጀልባ የሚሆን የገደል ማሚቶ

ከደብረ ብርሃን ተነስቶ ወደ አንኮበር የተጓዘ ሰው ሜዳው ድንገት የሚያልቅበትን ቦታ ያውቀዋል። ከዚያ ጠርዝ ላይ ቆሞ ወደ ማዶው ገደል ቢጣራ ድምፁ ተመልሶ ይመጣለታል። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ይሄዳል፤ ማሚቶው ከሁለት ሰከንድ በኋላ ከተሰማ ድምፁ ደርሶ መልስ 680 ሜትር ተጉዟል፣ ገደሉም 340 ሜትር ርቆ ቆሟል ማለት ነው። ሜትር ያልያዘ ሰው በሰዓት ብቻ ርቀት ለካ።

ሶናር የሚባለው የዓሣ መፈለጊያ መሣሪያ ሥራው ይኸው ነው። ከጀልባዋ ጀርባ ከውሃው ሥር የምትታሰር ትራንስዲውሰር የምትባል ቁራጭ ለጆሯችን የማይሰማ አጭር ድምፅ ወደ ታች ትለቅና ማሚቶውን ትጠብቃለች። በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ጨው አልባ ውሃ ውስጥ ድምፅ በሰከንድ 1,482 ሜትር ይጓዛል፤ ከአየሩ ከአራት እጥፍ በላይ ይፈጥናል። ስምንት ሜትር ወርዶ ለመመለስ አንድ ሰከንድ ለሺህ ቢከፈል 11ዱ ክፍል ያህል ጊዜ ይበቃዋል። መሣሪያው ያንን ጊዜ ለክቶ ወደ ጥልቀት ይቀይረዋል፤ ከወለሉ በፊት የተመለሰ ማሚቶ ካለ ደግሞ በመካከል የሆነ ነገር አለ ማለት ነው። ፈረንሳዊው ፖል ላንዥቫን በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሰርጓጅ መርከብ ለማግኘት የደከመበት ዘዴ፣ በ1948 እ.ኤ.አ. በጃፓን በፉሩኖ ወንድማማቾች እጅ የዓሣ አስጋሪ መሣሪያ ሆኖ ገበያ ላይ ዋለ። ዛሬ ጋርሚን፣ ሎውራንስ፣ ሃሚንበርድና ሌሎችም ለትንሽ ጀልባ የሚሆን እየሠሩ ይሸጣሉ። ጥያቄው የትኛው ለየትኛው ውሃ እንደሚሆን ነው።

በሰሜን ሸዋ ይህ መሣሪያ ብዙ ሥራ የለውም። የበረሳ ወንዝ ደብረ ብርሃንን አልፎ ወደ ጀማ፣ ጀማም ወደ ዓባይ ይወርዳል፤ ከአንኮበር ጠርዝ በምሥራቅ በኩል የሚወርደው ውሃ ደግሞ የአዋሽ ነው። ጀማ ውስጥ ነጭ ዓሣም አምባዛም አለ። ነገር ግን ጀማ የገደል ወንዝ ነው፤ በበጋ ድንጋይ ለድንጋይ ይሳሳል፣ በክረምት ደለል ተሸክሞ ይጋልባል። እዚያ መንጠቆና መረብ ይበቃል። ሶናር ጀልባ ይፈልጋል፣ ጀልባ ደግሞ የተኛ ውሃ። ደብረ ብርሃን አካባቢ ኩሬ ቆፍሮ ቆሮሶ ለማርባት የሚያስብ ሰውም ከሶናር በፊት ቴርሞሜትር ይግዛ፤ ቆሮሶ ውሃው ከ20 ዲግሪ ገደማ በታች ሲቀዘቅዝ መራባቱን ያቆማል፣ ከ2,700 ሜትር በላይ ያለ ደጋ ደግሞ ሌሊቱ ብርድ ነው።

ከሸዋ ደጋ የሚነሳው የከሰም ወንዝ ግን ቆላ ሲደርስ የተለየ ታሪክ አለው። አፋር ውስጥ 90 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው የከሰም ግድብ ታግዶ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ሆኗል። እንዲህ ያለው ውሃ ለሸንኮራ አገዳ መስኖ ሲለቀቅ ይጎድላል፣ ክረምት ሲገባ ይሞላል፤ ዛሬ በአራት ሜትር ውሃ ላይ መረብ የሚጣልበት ቦታ ከወራት በኋላ ደረቅ መሬት ሊሆን ይችላል። በግድብ ሐይቅ ወለል ላይ ደግሞ የቀድሞው ሸለቆ ቁጥቋጦና ቋጥኝ ተደብቆ ይቀራል። ጥልቀቱን በልምድ ማወቅ በማይቻልበት እንዲህ ባለ ቦታ ዓሣ ባያሳይ እንኳ ወለሉን ብቻ የሚያነብ ርካሽ መሣሪያ መረብ ያድናል።

በአማራ ክልል ጀልባና መረብ በብዛት የሚገናኙት ጣና ላይ ነው፤ የዚህ ምዕራፍ ዋና ምሳሌም እሱ ነው። ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ይሰፋል፤ አማካይ ጥልቀቱ ግን ከስምንት እስከ ዘጠኝ ሜትር ብቻ ነው፣ ጥልቅ የሚባለው ቦታውም 14 እና 15 ሜትር አካባቢ ነው። ለዘመናት የወይጦ ማኅበረሰብ ከደንገል በሠራው ታንኳ ዳር ዳሩን ሲያሰግር ኖሯል። በ1986 እ.ኤ.አ. በጀመረው የጣና የዓሣ ሀብት ልማት ፕሮግራም የሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ ገባ፤ ያን ጊዜ አስጋሪው ከዳር ርቆ ወደ መካከለኛው ውሃ መውጣት ጀመረ። ከዳር የራቀ ሰው ምልክት ያጣል፤ ሶናር የሚታሰበውም እዚህ ላይ ነው።

ሻጭ «ይህኛው እስከ 700 ሜትር ያነባል» ቢል ለጣና አስጋሪ የጨመረለት ነገር የለም። የኃይሉም ነገር እንዲሁ ነው። በካርቶኑ ላይ 4,000 ዋት የሚል መሣሪያ የጻፈው አብዛኛውን ጊዜ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያለውን ልኬት ነው፤ በሥራ ላይ ያለው አማካይ ኃይሉ የዚያ አንድ ስምንተኛ፣ ማለትም 500 ዋት ነው። ለዘጠኝ ሜትር ውሃ ከ100 እስከ 200 ዋት አማካይ ኃይል ይተርፋል። ከዚያ በላይ ሲሆን ማሚቶው ከወለል ወደ ውሃው ገጽ፣ ከገጹ ወደ ወለል እየተንጓለለ ስክሪኑን በማይረባ ነጥብ ይሞላዋል። ገንዘቡ ለማያስፈልግ ጉልበት ሲወጣ ማየት ያሳዝነኛል፤ አስጋሪው ያንን ልዩነት ለመረብ ቢያውለው ይሻለዋል።

ዋናው ምርጫ የድምፁ ድግግሞሽ ነው። 50 ኪሎኸርዝ ድምፅ በውሃ ውስጥ አንዱ ሞገድ ሦስት ሴንቲ ሜትር ይረዝማል፤ 200 ኪሎኸርዝ ሰባት ሚሊ ሜትር ተኩል አይሞላም። አጭሩ ሞገድ ትንሽ ነገርን አጥርቶ ያሳያል፣ ረጅሙ ርቆ ይሄዳል። በባሕር ላይ ይህ ከባድ ምርጫ ነው፤ በባሕር ውሃ የሟሟው ጨው፣ በተለይ ማግኒዚየም ሰልፌት፣ ከፍተኛውን ድግግሞሽ ይውጠዋል። ጨው የሌለው የጣና ውሃ ያን ያህል አይውጥም፤ ስለዚህ እዚህ 200 ኪሎኸርዝን ከመምረጥ የሚከለክል የለም። ቸርፕ የሚባለው አሠራር አንድ ድግግሞሽ ብቻ ከመልቀቅ ይልቅ ከዝቅተኛ ወደ ከፍተኛ እየወጣ ይለቃል፤ ለምሳሌ ከ150 እስከ 240 ኪሎኸርዝ። የድሮው ዘዴ የሰከንድ አንድ አሥር ሺኛ የሚቆይ ድምፅ ሲለቅ ከሰባት ሴንቲ ሜትር ተኩል በታች የተቀራረቡ ሁለት ዓሦችን እንደ አንድ ያያቸዋል፤ ቸርፕ በስሌት ከአንድ ሴንቲ ሜትር በታች ይወርዳል። በተግባር ስክሪኑና ማዕበሉ ይቀንሱታል፤ ቢሆንም ዓሣው ወለሉን ተጠግቶ በሚኖርበት ውሃ ተጨማሪ ገንዘብ የሚገባው ነገር ካለ ይህ ነው።

ድምፁ ወደ ታች ሲወርድ እየሰፋ ይሄዳል። በተለመደው የ200 ኪሎኸርዝ ትራንስዲውሰር ስፋቱ 20 ዲግሪ ነው፤ በዝቅተኛው ድግግሞሽ እስከ 60 ይደርሳል። ስሌቱን ጣና ላይ እናውርደው። በስምንት ሜትር ጥልቀት የ20 ዲግሪው ጨረር ወለል ላይ የሚሸፍነው ክብ ስፋቱ 2 ሜትር ከ80 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ የ60ው ከዘጠኝ ሜትር በላይ ይሸፍናል። እስከ አድማስ የሚዘረጋ ሐይቅ ላይ ሆኖ የአንዲት ጠባብ ክፍል ወለል የምታህል ቦታ ማየት ማለት ነው። በዚያ ላይ የሞተሩ ድምፅ እንዲህ ባለ ጥልቀት ከሌለው ውሃ ዓሣውን ከጀልባዋ ሥር ያሸሻል። ስክሪኑ ባዶ ሆነ ማለት አካባቢው ባዶ ሆነ ማለት አይደለም።

በማስታወቂያ ሥዕል ላይ እያንዳንዱ ዓሣ እንደ ቅስት ጎብጦ ይታያል። ቅስቱ የሚመጣው ዓሣው በጨረሩ ጠርዝ ሲገባ ርቆ፣ መሐል ሲደርስ ቀርቦ፣ ሲወጣ እንደገና ርቆ ስለሚለካ ነው። በስምንት ሜትር ጥልቀት በ20 ዲግሪ ጨረር በጠርዝና በመሐል ያለው ልዩነት 12 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ቁመቱ 480 ነጥብ የሆነ ስክሪን አሥር ሜትር ውሃ ሲያሳይ እያንዳንዱ ነጥብ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ይወክላል፤ ቅስቱ እንግዲህ ስድስት ነጥብ ከፍታ ያለው ጭረት ሆኖ ይቀራል። ጀልባዋ ቆማ ዓሣው ከሥሯ ካልተንቀሳቀሰ ደግሞ ጨርሶ አይጎብጥም፤ ቀጥ ያለ መስመር ይሆናል። ጣና ላይ ቅስት የሚጠብቅ ሰው በመሣሪያው ያለ ጥፋቱ ይናደዳል።

የዓሣውም አካል ለውጥ ያመጣል። ከአብዛኛው ዓሣ የሚመለሰው ማሚቶ በብዛት የሚመጣው ከሥጋው አይደለም፤ ሥጋው ለድምፅ ከውሃው እምብዛም አይለይም። የሚመልሰው በሆዱ ውስጥ ያለው በጋዝ የተሞላ ከረጢት ነው። ቆሮሶና ነጭ ዓሣ ይህ ከረጢት ስላላቸው ጥሩ ማሚቶ ይሰጣሉ። የአምባዛ ከረጢት ግን እጅግ አንሶ ከራስ ቅሉ አጠገብ በአጥንት የተሸፈነ ነው፤ አምባዛ አየርም ከገጹ ላይ ይተነፍሳል። በዚያ ላይ ጭቃው ላይ ተኝቶ መዋል ይወዳል። ወለሉን የተጠጋ ዓሣ ማሚቶው ከወለሉ ማሚቶ ጋር ይዋሐዳል፣ ስለዚህ ትልቁ አምባዛ ሊሰወር ትንሹ ቆሮሶ ሊደምቅ ይችላል። ከስክሪኑ ላይ ክብደት መገመት ከንቱ ነው።

በጣና የውሃ ዓምድ መካከል እንደ ደመና ሆኖ የሚታይ ነገርም አለ። ብዙውን ጊዜ እነዚህ ከ10 ሴንቲ ሜትር የማይበልጡ ትናንሽ ባርቦች ናቸው። የዓሣ ተመራማሪው ዶክተር እሸቴ ደጀን ያጠኑት እነሱን ነው፤ አንደኛው ዝርያ በ2000 እ.ኤ.አ. ለሳይንስ ሲተዋወቅ ባርበስ ታናፔላጂየስ የሚል፣ የጣናን ስም የያዘ መጠሪያ ተሰጠው። ዓይኑ ሰፊ በሆነ መረብ አይያዙም። ከጭቃው የሚነሳ የብስባሽ ጋዝ አረፋም ነጥብ ይሠራል። ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሐይቁን ያስቸገረው እምቦጭ ደግሞ ግንዱ አየር የሞላበት ስለሆነ ተበጥሶ ከጀልባዋ ሥር ሲገባ ድምፅን እንደ ዓሣ ሊመልስ ይችላል፤ ሥሩም ትራንስዲውሰሩ ላይ ይጠመጠማል። ስለዚህ መሣሪያው እያንዳንዱን ማሚቶ በዓሣ ሥዕል እየቀየረ የሚያሳይበትን ክፍል ማጥፋት ነው። ጥሬውን ምልክት ማንበብ የለመደ አስጋሪ በሁለት ሳምንት ውስጥ አረፋን ከዓሣ ይለያል፤ ሥዕሉን የሚያምን ሰው ግን ምንም አይማርም።

ከጣና ወደ ወሎ፣ «ሐይቅ» ተብሎ ወደሚጠራው ሐይቅ ስንሄድ ምርጫው ይለወጣል። እሱ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ ሆኖ ጥልቀቱ 80 ሜትርን ያልፋል። ቆሮሶ የገባበት በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ነው። እዚያ በ20 ዲግሪ ጨረር 80 ሜትር ላይ የሚሸፈነው ክብ 28 ሜትር ይሰፋል፤ ሁለት ድግግሞሽ ያለው መሣሪያ ትርጉም ያገኛል። ይሁንና ጥልቀቱ ሁሉ የዓሣ ቤት አይደለም። የላይኛው ሞቃት ውሃ ከታችኛው ቀዝቃዛ ውሃ ጋር ለረጅም ጊዜ ሳይቀላቀል ይቆያል፤ ታችኛው ኦክስጅን ያጥረዋል፣ ቆሮሶም አይወርድበትም። ጥሩ መሣሪያ ሁለቱ የሚገናኙበትን ንብርብር እንደ ስስ ጭጋግ ያሳያል፤ መረብ የሚጣለው ከዚያ በላይ ነው። ይህን አንድ መስመር ማወቅ ለሐይቅ አስጋሪ ከመቶ የዓሣ ሥዕል ይበልጣል።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልጨምር፤ ድምፅ ምን ማድረግ እንደሚችል ያሳያል። ዝቅ ያለ ድግግሞሽ ያለው ድምፅ ወለሉ ላይ አይቆምም፣ ጭቃው ውስጥም ይገባል። ሄንሪ ላምብ፣ መሐመድ ኡመር፣ እሸቴ ደጀንና ባልደረቦቻቸው በዚህ መንገድ የጣናን ደለል መርምረው በ2007 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ከደለሉ ሥር የደረቀ መሬት ገጽ አገኙ። ጣና ደርቆ ነበር። ከ16,700 ዓመት ገደማ በፊት ጀምሮ መሐሉ ረግረግና ደንገል ሆነ፤ ሞልቶ ወደ ዓባይ የፈሰሰው ከ14,750 ዓመት ገደማ በፊት ነው። ዛሬ ቆሮሶ የሚፈለግበት ወለል ደንገል የበቀለበት ረግረግ ነበር፤ ይህን የነገረን ወደ ወለሉ የተላከ ድምፅ ከደለሉ ናሙና ጋር ሆኖ ነው።

ወደ ጀልባዋ እንመለስ። ድምፅ አየርን ሲያገኝ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ስለዚህ ትራንስዲውሰሩና ውሃው በአየር መለያየት የለባቸውም። የፋይበር ጀልባ ወለሉ ድፍን ከሆነ ትራንስዲውሰሩ ከውስጥ ሊጣበቅ ይችላል፤ ድምፁ ያልፋል። በእንጨት ጀልባ ይህ አይሠራም፤ ከጀርባዋ በኩል ከፕሮፔለሩ ራቅ አድርጎ ከውሃው ሥር ማሰር ያስፈልጋል፣ ፕሮፔለሩ የሚያነሳው አረፋ ሁሉንም ይጋርደዋልና። ደንገል ታንኳ እየተንሳፈፈች ያለችው በውስጧ ባለው አየር ነው፤ ከውስጥ የሚጣበቅ ነገር ከንቱ ነው። ለታንኳ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ትራንስዲውሰሩን በዘንግ ጫፍ አስሮ በጎን ማጥለቅ፣ ሌላው በገመድ ታስሮ የሚወረወርና ምልክቱን ወደ ስልክ የሚልክ ኳስ መሰል መሣሪያ ነው። ሁለተኛው ትንሽ ነው፣ ከኤሌክትሪክ ሽቦ ጣጣም ነፃ ነው፤ ስልኩ ግን ውሃ እንዳይነካው መጠበቅ ግድ ነው።

ትንሽ ስክሪን ያለው መሣሪያ በ12 ቮልት ከግማሽ አምፔር ያልራቀ ይጠጣል። ስምንት ሰዓት ቢሠራ አራት አምፔር ሰዓት ማለት ነው። ሰባት አምፔር ሰዓት የሚይዝ የሞተር ሳይክል ባትሪ በቁጥር ሲታይ ይበቃል፤ የሊድ ባትሪ ግን ከግማሽ በታች በየቀኑ ከተራቆተ ቶሎ ይሞታል። አሥራ ሁለት አምፔር ሰዓት ያለውን ወስዶ ቤት ጣሪያ ላይ ባለች ትንሽ የፀሐይ ሰሌዳ መሙላት ይሻላል። ስክሪኑ በቀትር ፀሐይ መነበብ አለበት፤ ሱቅ ውስጥ ሳይሆን ደጅ አውጥቶ ማየት ነው። አይፒኤክስ7 የሚል ምልክት ካለው አንድ ሜትር ውሃ ውስጥ ለግማሽ ሰዓት ቢወድቅ ውሃ አይገባውም።

ጂፒኤስ ያለው ካለ ከሌላው ጌጥ ሁሉ በፊት እሱን መምረጥ ይገባል። ምክንያቱ የጣና አስጋሪ በመንጠቆ እያየ አያጠምድም፤ ማታ የቆመ መረብ ጥሎ ጠዋት ያነሳል። አሁን ከሥሩ ያለ ዓሣ ሌሊት ሌላ ቦታ ይሆናል። ለእሱ የሚጠቅመው ዓሣው የሚመላለስበትን ቦታ ማወቅ ነው፦ ጭቃው አልቆ ድንጋይ የሚጀምርበት፣ ወለሉ ከስድስት ወደ ዘጠኝ ሜትር የሚወርድበት፣ የጠፋ መረብ የተቀበረበት። ጠንካራ ወለል ራሱን ያሳውቃል፤ ስምንት ሜትር ላይ ካለው ደማቅ መስመር በተጨማሪ በአሥራ ስድስት ሜትር ሌላ ደብዛዛ መስመር ይታያል፣ ማሚቶው ሁለት ጊዜ ስለተመላለሰ። ያ ሁለተኛ መስመር ሲደምቅ ድንጋይ ነው፣ መረብም ይቀደዳል።

የሚያሳስበኝ ነገር እዚህ ጋ ይመጣል። ጣና ውስጥ 15 የሚሆኑ ትልልቅ የነጭ ዓሣ ዝርያዎች አሉ፤ በዓለም ላይ በአንድ ሐይቅ አብረው ተፈጥረው የቀሩ የዚህ ወገን ዓሦች ሌላ አይታወቁም፤ በፊሊፒንስ ላናኦ ሐይቅ ከነበሩት አብዛኞቹ ጠፍተዋል። ብዙዎቹ በክረምት ለመራባት ወደ ጉማራ፣ ርብና ሌሎች ገባር ወንዞች ይወጣሉ፤ ከመውጣታቸው በፊት በወንዞቹ አፍ ይሰበሰባሉ። ከ1991 እስከ 2001 እ.ኤ.አ. በተደረገው ክትትል ብዛታቸው በክብደት 75 በመቶ ገደማ ቀንሷል። በወንዝ አፍ ላይ መረብ መጣል ዋነኛው ምክንያት ተብሏል። የተሰበሰበ ዓሣ ላይ ሶናር የሚይዝ ሰው መፈለግ አያስፈልገውም፤ ማየት ብቻ ነው የሚቀረው። ከሐምሌ እስከ መስከረም በወንዝ አፍ አካባቢ መሣሪያውን ለዓሣ ፍለጋ ማብራት የለበትም ብዬ አምናለሁ፤ የአስጋሪዎች ማኅበራትም ይህን በደንባቸው ቢጽፉት፣ የባሕር ዳሩ የዓሣ ምርምር ማዕከልም ቢያግዛቸው እወዳለሁ። ወደ ፊት እያየ ዓሣ ሲንቀሳቀስ በቀጥታ የሚያሳየው አዲሱና ውዱ ሶናር በአሜሪካ አንዳንድ የማጥመድ ውድድሮች ውስጥ ገደብ ተደርጎበታል፤ እዚያ ጥያቄው የውድድር ፍትሕ ነው፣ እዚህ ግን የዝርያ ሕልውና ነው።

በዚህ ሁሉ ምክንያት ለእያንዳንዱ አስጋሪ አንድ መሣሪያ ከመግዛት ይልቅ ለአንድ ማኅበር አንድ መካከለኛ መሣሪያ ይበቃል፦ 200 ኪሎኸርዝን በቸርፕ የሚሸፍን፣ ጂፒኤስ ያለው፣ አምስት ኢንች ያህል ስክሪን። አንድ ጀልባ ጸጥ ባለ ማለዳ በዝግታ እየተመላለሰች የማኅበሩን የማስገሪያ ቦታ ጥልቀትና ወለል ትመዝግባለች፤ ካርታው ሁሉም ጋ ይደርሳል፣ ከዚያ በኋላ ብዙ ጀልባዎች ያለ ሶናር ይሠራሉ። ገንዘቡ ከመከፈሉ በፊት ግን መሣሪያው ውሃ ላይ ይፈተን። በየግማሽ ሜትሩ ቋጠሮ ባለው ገመድ ላይ ድንጋይ አስሮ ጥልቀቱን መለካትና ከስክሪኑ ቁጥር ጋር ማስተያየት ነው፤ ትራንስዲውሰሩ ከውሃው ገጽ ዝቅ ብሎ የታሰረበትን ያህል ደምሮ። መሣሪያው የባሕር ውሃ እንደሆነ ቢያስብ እንኳ በዘጠኝ ሜትር ላይ ስህተቱ ከሩብ ሜትር አያልፍም፤ ከአንድ ክንድ በላይ ከተለያየ መሣሪያው ወይም አሰራሩ ችግር አለበት። ቀጥሎ አየር የሞላባትን፣ ክዳኗ የተጠበቀ የግማሽ ሊትር ፕላስቲክ ጠርሙስ ከዚያው ድንጋይ በላይ በሁለት ሜትር ርቀት አስሮ ከትራንስዲውሰሩ ሥር በትክክል ማውረድ፤ የዓሣን ከረጢት የሚተካው እሷ ናት። ስክሪኑ ላይ ጠርሙሷ ከወለሉ ሁለት ሜትር ከፍ ብላ በግልጽ መስመር ካልሠራች፣ ሻጩ ሌላ ያምጣ።